ወንድም ወንድሙን ይጠይቅ

ዝናብ ባይጥል ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ የአናጺዎች ሰፈር መታጠፊያ ላይ ስደርስ ሰማዩ ዘረገፈው። ጥላዬን ማተሚያ ቤት ረስቼዋለሁ። ሥራዬ አራሚነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስሕተት ስለቅም ስለምውል የራሴን ለመልቀም ጊዜ የለኝም። ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩና ቅርብ ያገኘሁት በረንዳ ሥር ተጠጋሁ።

በረንዳው የአናጺዎች ወንድማማች ማኅበር አዳራሽ በረንዳ ነበር። ማኅበሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። አዲስ አባል ሲገባ በገዛ እጁ የሠራውን በርጩማ ይዞ ይመጣል። በርጩማው ካልተንገዳገደ ቦታ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ መቀመጫው እሱ ነው። አባል ሲታመም ወንድሞቹ ተራ ገብተው ይጠይቁታል። ሲሞት የሬሳ ሣጥኑን እነሱ ይሠራሉ፣ እነሱ ይሸከማሉ፣ ሌላ ሰው እጁን እንዲያሳርፍበት አይፈቅዱም። ሣጥን ተሸክመው በመንገድ ሲያልፉ አረማመዳቸው አንድ ነው፤ ሣጥኑ ወዲያም ወዲህም አይልም። በዚህ ይኮራሉ፤ ቢኮሩም አይፈረድባቸውም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ከውስጥ የክርክር ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬን አቀናሁ ብል ሐሰት ነው፤ ጆሮዬ ራሱ ነው የሄደው።

«ማነው በረንዳው ላይ?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ፤ ወዲያው የማኅበሩ ሰብሳቢ ብቅ አሉ። እኚህን ሽማግሌ ሰው ሁሉ ጋሽ ውኃልክ ይላቸዋል። የእንጨትና የግንብ ሚዛን እንደሚለካበት መሣሪያ ወደ ማንም የማያጋድሉ ናቸው ለማለት ነው። ስሙን ያወጡላቸው የሚወዷቸው ይሁኑ የተቀየሟቸው እስካሁን አልታወቀም።

«ግቢ እንዳልልሽ ሴት አናስገባም፤ ዝናብ ይደብድብሽ ማለትም ደግ አይደለም» አሉና ወንበር አምጥተው ደፉ ላይ አስቀመጡልኝ። ሁለት እግሩ ውስጥ፣ ሁለት እግሩ ውጭ። «እንዲህ ከሆነ ሕጉም አልተነካ፣ አንቺም አልበሰበስሽ።»

አመስግኜ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ደረቀ፣ ጀርባዬ በሰበሰ።

ከውስጥ የነበረው ሌላው ተከራካሪ የእህታቸው ልጅ ነው። ኮሌጅ ገብቶ የሕንፃ ሥራ ተምሮ ስለመጣ አናጺዎቹ በነገር ነካ እያደረጉ «ኢንጂነሩ» ይሉታል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ችግሩ መናገር ሲጀምር የጽሑፍ ፈተና የሚመልስ ይመስላል። በርጩማው ግን ስላልተንገዳገደ አምና አባል ሆኗል።

«እትዬ፣ እንኳን መጡ» አለኝ። «ገላጋይ ያስፈልገን ነበር።»

«ገላጋይ አያስፈልገንም» አሉ አጎቱ። «የተጣላ የለም። ሕግ እያስረዳሁት ነው።»

በርጩማዎቹ ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል። አንዱ ግን ከረድፉ ወጥቶ አዳራሹ መሐል ብቻውን ቆሟል። የማን እንደሆነ ጠየቅኩ።

«የባለደረጃው» አሉ ጋሽ ውኃልክ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

ባለደረጃውን የማያውቅ የለም። በዚህ ከተማ ጥሩ የእንጨት ደረጃ ከወጣህ የወጣኸው በሳቸው እጅ ነው። ከጋሽ ውኃልክ ጋር አንድ መምህር ሥር ሙያ የተማሩ፣ በልጅነታቸው በአንድ ወርክሾፕ ፍቅፋቂ ላይ አብረው የተኙ ሰው ናቸው።

«ምን አጠፉ?»

«ጠፉ፤ ጥፋታቸው ይኸው ነው» አለ ወጣቱ።

«በዚህ አትቀልድ» አሉት አጎቱ። ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ከስብሰባ ቀረ፤ ዝም አልን። ደግሞ ቀረ፤ ዝም አልን። ባለፈው ወር ወንድማችን ሲቀበር ቀረ። ልብ በይ፣ ከቀብር ነው የምልሽ። ከስብሰባ የቀረውን ሰነፍ እንለዋለን፤ ከወንድሙ ቀብር የቀረውን ምን ልንለው ነው? ሕጋችን ግልጽ ነው። ዛሬ ማኅበሩ ሲሰበሰብ በርጩማው ይወጣል። በርጩማው ከወጣ በኋላ ሰላምታ እንሰጠዋለን እንጂ ወንድማችን አይደለም። ሲሞትም የሚሸከመው ሌላ ይፈልግ።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ዐይናቸው ግን በርጩማውን አያይም ነበር።

«ጠይቀዋቸዋል?» አለ ወጣቱ።

«ምን ሆኖ ነው የምጠይቀው? አልታመመ። በቀደም ገበያ መንገድ ላይ በሁለት እግሩ ሲሄድ አይቼዋለሁ።»

«እኮ፣ ምን እንደሆኑ ለማወቅ ነው የሚጠየቁት።»

«ያልታመመ ሰው እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል?»

«በአፍ ነዋ፣ አጎቴ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም አንድ ቃል ይዘው ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል፤ ሽማግሌው ጥየቃ ይላሉ፣ ወጣቱ ጥያቄ ይላል። ፊደሎቹ እነዚያው ናቸው፤ እግራቸው ብቻ ነው የሚለያየው። ማተሚያ ቤት ቢሆን አንዱን አርሜ አሳልፋቸው ነበር።

«ምን ያስቅሻል? አንቺ የፊደል ሰው አይደለሽ?» አሉኝ ጋሽ ውኃልክ። «ከራስሽ በላይ ያለውን አንብቢዋ።»

ቀና አልኩ። ጉበኑ ላይ የማኅበሩ መሥራቾች በመሮ የፈለፈሉት ጽሑፍ አለ፤ «ወንድም ወንድሙን ይጠይቅ» ይላል። ዘመን ስላጠቆረው በዚያ መንገድ ስመላለስ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

«ይኸው» አሉ ጋሽ ውኃልክ። «ወንድምህ ሲታመም ሂድ፣ አልጋው አጠገብ ተቀመጥ ማለት ነው። አባቶቻችን ይህንን ነው የጻፉት።»

«አባቶቻችን ሲታመም አላሉም፣ አጎቴ። ይጠይቅ ብለው ነው ያቆሙት። እኔ እንደማነበው ወንድም ወንድሙን ምን ሆንክ ይበለው ማለት ነው።»

«አንተ እንደምታነበው አንብበነው አይተነዋል።» ሽማግሌው ከራሳቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ስማ። እኔ እዚህ የገባሁት ጢሜ ሳያበቅል ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ሁሉን ይጠይቅ ነበር። የማን ሚስት ለምን ከቤት ወጣች፣ የማን ልጅ ለምን ከትምህርት ተባረረ፣ እገሌ ለምን ከሳ፣ እገሌ ለምን አመሸ። ጥያቄው ሐሜት ሆነ፣ ሐሜቱ ጠብ ሆነ። እዚችው የተቀመጥንባት ቦታ ላይ ሁለት ወንድሞች መሮ ተማዘዙ። አዳራሹ ተዘጋ፤ በርጩማዎቹ ላይ ሸረሪት አደራ። በኋላ የኔና የባለደረጃው መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁሉንም ሰብስበው አስማሉን። የታመመ ይላክብን፣ እንሄዳለን። ያልላከብንን ሰው ጓዳ አንገባም፤ የሰው ጓዳ የሰው ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ጠብ ገብቶ አያውቅም። አሁን አንተ የምትለኝ ያንን በር መልሰህ ክፈተው ነው።»

እውነቱን ለመናገር ሽማግሌው ረቱት መሰለኝ። ሥልጣኔ ተማርኩ የሚል ሰው አንድ ልማድ ሲያይ ከድንቁርና የመጣ ይመስለዋል፤ ስንቱ ልማድ ከቁስል እንደመጣ አያውቅም።  ወጣቱም ሲናገር የፈተናው ድምፅ ጠፍቶለት ነበር።

«ይህን አላውቅም ነበር፣ አጎቴ። መምህራችሁ ልክ ነበሩ። ግን ጓዳ መግባትና ደጅ መቆም አንድ አይደለም። እነዚያ ሰዎች የጠየቁት ለማውራት ነው። እኔ የምለው ለመሸከም መጠየቅ ነው።»

«ሁለቱን በምን ትለያቸዋለህ?»

«ሰውየው መልሱን ከሰማ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ በማየት። ሰምቶ ጎረቤት ከሄደ ሐሜተኛ ነው። ሰምቶ እዚያው ከተቀመጠ ወንድም ነው።»

«ሰው ክብር አለው። መናገር ሲፈልግ ይናገራል።»

«ባይናገርስ?»

«ምርጫው ነው።»

«አፍሮ ቢሆንስ?»

ጋሽ ውኃልክ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ» አለ ወጣቱ። «ባለፈው ወር የቀበርነው ወንድማችን ኑና ቅበሩኝ ብሎ ልኮብን ነበር?»

«ምን ነካህ? ሙት እንዴት ይልካል?»

«ሳይልክብን ነው የሄድነው ማለት ነው። ለሙት ሳይጠራን እንሄዳለን። በሕይወት ያለውን ግን እስኪጠራን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ታዲያ ይህ ማኅበር የቋሚ ነው የሟች?»

በድፍረት አልተናገረውም። በርጩማውን እያየ፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ሽማግሌው እንዲቆጡ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም። ጉበኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አራሚዋ» አሉኝ፤ «አንቺ ፍረጂ። ቃሉ ምን ይላል?»

ደፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ዳኛ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «ጋሼ፣ ቃሉ ለሁለታችሁም ይፈርዳል» አልኩ። «ሰው ሲታመም ይጠየቃል፣ ምን ሆንክ ተብሎም ይጠየቃል። እናንተ የረሳችሁት ሦስተኛ አለ። አንድ ነገር ሲበላሽ የሚጠየቅበት ሰው አለ። ዛሬ በርጩማውን አወጣችሁት እንበል። ነገ ባለደረጃው አንድ ነገር ሆነው ቢገኙ ማን ይጠየቅበታል?»

«እኔ» አሉ ወዲያውኑ። ወደ ማንም የማያጋድል ሰው እንዲህ ቶሎ ይመልሳል ብዬ አልጠበቅኩም። ተነሡ። ኮታቸውን ከምስማሩ አወረዱ።

«እንሂድ» አሉት ልጁን። «ማኅበሩ እስኪሰበሰብ ጊዜ አለን። ግን ስማኝ፤ ምንም ሳይሆን ንቆን የቀረ እንደሆነ በርጩማውን በገዛ እጅህ ነው የምታወጣው።»

«እሺ» አለ። ነገሩ የባለደረጃው ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ልጁም በሽማግሌዎቹ ፊት ያለችውን ትንሽ ቦታ አስይዟል።

«አንቺም ነይ፤ ምስክር ትሆኚያለሽ» አሉኝ። ባይሉኝም እሄድ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ላይ ውኃ ይወርዳል። ጋሽ ውኃልክ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። የባለደረጃው ወርክሾፕ ከአዳራሹ ብዙ አይርቅም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሚስታቸው ደጃፉ ላይ የገባ ጎርፍ ይጠርጋሉ። ሲያዩን እንኳን ደህና መጣችሁ አላሉም።

«መጣችሁ?» አሉ።

ይህ ቃል ከጠበቀ ሰው አፍ ብቻ ነው የሚወጣው። ወጣቱ አጎቱን አየ፤ አጎቱ መሬት መሬት አዩ።

ውስጡ የትኩስ እንጨት ሽታ ሞልቶታል። መሐሉ ላይ የተጀመረ ደረጃ ቆሟል፤ ተጠምዝዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንገት ያበቃል። ባለደረጃው ከሥራ ጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጎንበስ ብለው ተቀበሉን፤ ቀኝ እጃቸው ከኮታቸው ኪስ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ስለ እንጨቱ ተነጋገሩ፤ የዘንድሮው እርጥብ ነው፣ አዎ እርጥብ ነው፣ ይሰነጠቃል፣ አዎ ይሰነጠቃል። ጋሽ ውኃልክ ስንቱን ከባድ ሣጥን ተሸክመው አንገታቸውን ያልደፉ ሰው፣ ሦስት ቃል ከአፋቸው ማውጣት አቅቷቸው ላብ አጠመቃቸው። ወጣቱ ጣሪያውን ያያል። እኔ ብጠይቅላቸው ደስ ባለኝ፤ ግን የኔ ወንድም አይደሉም።

በመጨረሻ ጋሽ ውኃልክ፣ «ደህና ነህ?» አሉ።

«ደህና ነኝ» አሉ ባለደረጃው።

 በቃ፣ አለቀ ብዬ ነበር። በርጩማው ሊወጣ ነው፤ የልጁም ነገር አበቃ። ጋሽ ውኃልክ ግን መቀመጫቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡ።

«ደህና ነህ ያልኩህ ሰላም ማለቴ ነው» አሉ። «አሁን ግን ልጠይቅህ ነው። ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?»

 ባለደረጃው ቀኝ እጃቸውን ከኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እጁ እንደ ራሳቸው እጅ አይመስልም። የአውራ ጣቱ ሥር ሰርጉዷል፤ ጣቶቹ አርፈው እንኳ ይንቀጠቀጣሉ።

«ይደነዝዘኛል» አሉ። «መሮ ይዣለሁ ብዬ ሳይ መሬት ላይ ወድቋል። መዶሻ በግራዬ ለመድኩ፤ መጋዝ ግን አልሆነልኝም። ከባለፈው በፊት የነበረውን ቀብር ታስታውሳለህ? እኔ ከፊት በቀኝ ነበርኩ። ቁልቁለቷ ላይ እጄ ላላና ሣጥኑ አጋደለ። አንተ ከኋላ ሆነህ፣ ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ አልከኝ።»

«አልኩ?»

«አልክ። ሰው ሁሉ ሰማ። አጥፍተሃል አልልህም፤ ሣጥኑ አጋድሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዳራሽ መግባት አፈርኩ። ባለፈው ወር ወንድማችን ሲሞት ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ እዚች በር ላይ ቆምኩ። መውጣት አቃተኝ። ወንድሜ ከትከሻዬ ከሚወድቅ የኔ ስም ይውደቅ ብዬ ተመለስኩ።»

 ንቆ ቀረ የተባለው ሰው የቀረው ከሁሉም በላይ ስላከበረ ነው። ማኅበሩ ደግሞ በዚያ ምክንያት ሊያባርረው በርጩማውን መሐል አቁሞ እየጠበቀ ነው።

«ለምን አልላክህብኝም?» አሉ ጋሽ ውኃልክ፤ ድምፃቸው ወረደ።

«ምን ብዬ? ትኩሳት ቢሆን ሚስቴን እልካት ነበር። እጄ ከዳኝ ብሎ የሚልክ አናጺ አለ?» ባለደረጃው እጃቸውን እያዩ ነበር። «ግን በየቅዳሜው በሩን ከፍቼ እቀመጥ ነበር። በዚህ በኩል ነው ወደ አዳራሽ የምትሄደው። አንድ ቀን ጎራ ትላለህ ብዬ።»

«አልፌያለሁ።»

«አውቃለሁ። አረማመድህን አውቀዋለሁ።»

ጋሽ ውኃልክ ለቅሶ የሚቀናቸው ሰው አይደሉም፤ አላለቀሱም። የጓደኛቸውን እጅ አንሥተው በሁለት እጃቸው መሐል አደረጉትና እስኪረጋ ድረስ ያዙት። ቶሎ አልረጋም።

ወጣቱ፣ ጊዜው ሲደርስ ተናገረ። «ጋሼ፣ አብሮኝ የተማረ ልጅ አባት እንዲህ ሆነው ነበር። የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ሲጨመቅ ነው ብለው ሐኪሞች ቀደዱላቸውና ተሻላቸው። የእርስዎ ያው ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም፤ ሐኪም ያውቀዋል። ሰኞ አብረን እንሂድ። ቢድን እሰየው። ባይድን ደግሞ መጋዝ የሚይዝ እጅ ማኅበሩ ሞልቶታል፤ ይህን ደረጃ የት ላይ ማዞር እንደሚገባ የሚያውቅ ግን ሌላ ሰው የለንም። እርስዎ ያሳዩኝ፣ እኔ ልቁረጥ።»

«እኔ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው እንደ ልጅ ነበር የሚቆጣኝ» አሉ ሚስታቸው ከበሩ።

«አሁንም ልቆጣ እችላለሁ» አሉ ባለደረጃው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

አዳራሹ ስንደርስ አባላቱ ተሰብስበዋል። ባለደረጃው ሲገቡ ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። እኔ ደፌ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጋሽ ውኃልክ ማንንም ሳያናግሩ መሐል የቆመውን በርጩማ አንሥተው ከራሳቸው አጠገብ አስቀመጡትና ወንድማቸውን አስቀመጡበት። ከዚያ ቆመው ተናገሩ። የተናገሩትን እንዳለ ላስቀምጠው እሞክራለሁ፤ አንድ ቃል አላረምኩትም።

«ወንድሞቼ፣ ዛሬ የተሰበሰብነው ሰው ልናስወጣ ነበር። ንገርልኝ ስላለኝ ልንገራችሁ፤ ይህ ሰው የጠፋው እጁ ታሞ፣ ሣጥን ይጥልብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። እኔ በደጁ አልፍ ነበር። በሩ ተከፍቶ አይቼዋለሁ። አልጠራኝም ብዬ አለፍኩ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ እኔ እጠየቅበታለሁ። መምህሬ የሰው ጓዳ አትግቡ ብለው አስምለውኛል፤ መሐላዬን አላፈርስም። ደጁ ላይ ቆማችሁ ምን ሆንክ አትበሉ ግን አላሉኝም። ያንን የጨመርነው እኛ ነን፤ ስለሚቀለን ነው የጨመርነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ወንድም ሲቀር፣ ሳያድር አንዱ ይሄዳል። ሄዶም ደህና ነህ ብሎ አይመለስም። ምን ሆነህ ነው ይለዋል። የሰማውን እዚያው ይተወዋል፤ ይዞ የሚመለሰው ለወንድሙ የሚሠራውን ሥራ ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ ነገ ሁሉም የሁሉን ነገር ሊያውቅ ነው» አለ አንድ ቁም ሣጥን ሠሪ ከኋላ፤ የነገር ሰው ነው።

«የሰማውን ያወራ በርጩማው ይወጣል። ሕግ አማረህ እንዴ? ይኸው ሕግ።» ሳቅ ሆነ። «ሌላም አለ። ሣጥን ስንሸከም ከፊት የሚመራን የለም። ከዛሬ ጀምሮ ባለደረጃው ይመራል። ደረጃ ሲመጣ ደረጃ ይለናል፣ ቁልቁለት ሲመጣ ቁልቁለት ይለናል። የከተማውን ደረጃ ከሱ በላይ የሚያውቅ ካለ ይነሣ።»

የተነሣ አልነበረም። ጋሽ ውኃልክ እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን እንዲጠይቅ አዘዙ። የተናቀ ነገር መሰላቸው፤ እነዚያ ትከሻቸው የሰፋ ሰዎች እንደ ተማሪ ቤት ልጆች ተገፋፉ፣ ተንጫጩ። ቀስ በቀስ ግን ጫጫታው ወረደ። አንዱ ጆሮ ሰጠ፣ አንዱ አንገቱን ደፋ፤ ሰው ሲያስቅ ብቻ የማውቀው መስኮት ሠሪ ጓደኛውን እጁን ይዞ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነግረዋል። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ብሰማም አልጽፈውም።

በዚህ መሐል ነው ባለደረጃው ወደ ጎናቸው የዞሩት።

«አንተስ?» አሉ። «አንተን የጠየቀህ አለ?»

«ደህና ነኝ» አሉ ጋሽ ውኃልክ።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

 ሰብሳቢው እንዲህ ተብለው አያውቁም። ተነሥተው የሚሄዱ መሰለኝ። እየታገሉ ግን፣ «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ መግባት ከብዶኛል» አሉ። «እዚህ ነው የምውለው። እናንተ ስትሄዱ አዳራሹን ቆልፌ፣ መንገዱን ዞሬ ዞሬ፣ ሲደክመኝ ነው የምገባው። በሩን ስከፍት ዝምታው ይገፋኛል።»

ሴትየዋን የቀበሯቸው እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ በሚያምር ሥርዓት፣ ሣጥኑ ወዲያ ወዲህ ሳይል። ከቀብር መልስ ግን ያ ሰው ወዴት እንደገባ የጠየቀ አልነበረም።

አንባቢዬ፣ ማኅበር ለምን ይጠቅማል ትለኝ እንደሆነ ያየሁትን ልንገርህ። ሰው ብቻውን የማይሸከመው ነገር አለ፤ ከሬሳ ሣጥን የሚከብድም አለ። ያንን በጊዜ የሚያነሣለት ሰው ያገኘ እጁን በጊዜ ያስታክማል፣ ሙያውን ለልጅ ያወርሳል፣ ስሙን ሳያጣ ይኖራል። ማኅበሩም የሚያውቀውን ሰው አያባርርም፣ በማያውቀው ነገር አይፈርድም። አባቶች ያስቀመጡትን ሥርዓት መጣል አያስፈልግም፤ ጉበኑ ላይ የጻፉትን አንብቦ እስከ መጨረሻው መፈጸም ይበቃል። እድር ይሁን ማኅበር፣ ባልንጀራ ይሁን ጎረቤት፣ ያለህ ሰው ሲጠፋብህ ሂድ። ደህና ነኝ ካለህ ተቀመጥና ደግመህ ጠይቀው።

ያን ዕለት ስብሰባው ሲያልቅ ማንም ወደየቤቱ አልሄደም። አናጺዎቹ ተሰልፈው ወጡ፤ ባለደረጃው ከፊት፣ ጋሽ ውኃልክ መሐል፣ ሌሎቹ ግራና ቀኝ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በልማዳቸው አንድ አረማመድ ይራመዱ ስለነበር ባለሱቆች ከመደብራቸው ወጥተው ባርኔጣቸውን አነሡ። አንዲት ሴት ልጇን ከመንገድ ጎትታ ወደ ወጣቱ ቀረበች፤ እኔ ከኋላው ነበርኩ።

«ነፍስ ይማር፤ ማን ሞተ?» አለችው።

«ማንም አልሞተም፣ እናቴ» አላት። «ወንድማችንን ቤቱ እያስገባነው ነው።»